ጨው የነካው የልብ ሽፋን

ጥቅምት 6 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ቆቦ

ይህን ደብተር ያስጀመረችኝ ነርስ ሸዋዬ ናት። ዛሬ ኢቅራን ለየወሩ መርፌዋ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄጄ ነበር። «አቶ ሙንተሲር፣ ልጅዎ ስንት ትራስ ተደግፋ እንደምትተኛ በየቀኑ ይጻፉልኝ» አለችኝ።

«ትራስ ምን ይነግርሻል?»

«ልቧን ይነግረኛል። ትራሱ ከጨመረ ሳንባዋ ውሃ እየያዘ ነው ማለት ነው።»

ሁለት ትራስ።

ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ጉሮሮዋን ያማት ነበር። እኛ ዳማከሴ እየጨመቅን ስናጠጣት ሕመሙ ወደ ልቧ ወርዶ ኖሯል። ከልቧ በሮች አንዱ ወፍሮ ጠቧል፤ ሐኪሞቹ ቫልቭ ይሉታል። አዲስ አበባ ደረቷን ከፍተው እንዲቀይሩላት ስሟ ከተመዘገበ ሦስት ዓመት አለፈው። ተራው አልደረሰም።

ዘንድሮ ዝናቡ ቀርቶብናል። ከቆላው የሚነዳው ከብት አጥንቱ ይቆጠራል፤ ቆዳውም ሳስቷል። ስለ ቆዳ ንግዴ ግን እዚህ አልጽፍም። ደብተሩ የኢቅራ ነው።

ጥቅምት 9

ሁለት ትራስ።

የእህቴ የዓሊማ ልጅ ሀናን ከአዲስ አበባ ደወለች። ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መሣሪያ ሥራ ትማራለች፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየጨረሰች ነው።

«አጎቴ፣ የከብት የልብ ሽፋን ፈልግልኝ።»

«ልቡን ነው?»

«ልቡን አይደለም፤ ልቡ የተቀመጠበትን ከረጢት። ከብት ሲታረድ ነጭ ስስ ነገር ልቡን ለብሶት አይተህ የለ?»

«እሱን ውሻ ነው የሚበላው።»

«ከእንግዲህ ውሻው ይጹም።»

ሥራዋን አስረዳችኝ። ሽፋኑ በመድኃኒት ይነከራል፤ እኛ ቆዳ እንደምናለፋው ነው። ከዚያ በሦስት ቅጠል ይቆረጥና ቀለበት በሆነ የሽቦ መረብ ውስጥ ይሰፋል። ሽቦው የተለየ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይጨመቃል፣ የሰው ደም ሲያሞቀው ራሱ ይዘረጋል። ተጨምቆ እርሳስ ያህል ሲሆን በብሽሽት በኩል ባለው የደም ሥር ይገባል። ልብ ጋ ሲደርስ ተከፍቶ የታመመውን በር ወደ ዳር ይገፋና ቦታውን ይይዛል።

«ደረት ሳይከፈት?»

«ደረት ሳይከፈት።»

ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት መሰለኝ። ውጭ አገር ለሽማግሌዎች ይሠራል አለች፤ የእኛ ታማሚዎች ግን ልጆች ናቸው፣ ሕመማቸውም ሌላ ነው፤ ለእነሱ የሚሆን ቅርጽ ነው የምትፈልገው።

«መቼ ያልቃል?»

«ከተሳካ ሚያዝያ ላይ በበግ እንሞክረዋለን።»

ሚያዝያ። ስድስት ወር።

ጥቅምት 15

ሁለት ትራስ።

ቄራ ሄጄ በድረዲንን አገኘሁት። ከብት የሚያርድልን እሱ ነው። የምፈልገውን ስነግረው ቢላውን አስቀምጦ ሳቀ። «አያ ሙንተሲር፣ ሰው ጉበት ይለምነኛል። አንቱ ደግሞ ልባሱን!» ቢሆንም አወጣልኝ። ሰባት አይቼ አራቱን መረጥሁ። በሁለት አውራ ጣት መሃል ይዤ ሳብሁት፤ እኩል የሳሳውን ለየሁ፤ ቢላ የነካውን ጣልሁ። ቆዳ እንደምለይ ማለት ነው።

ሀናን ሰማያዊ የበረዶ ሣጥንና በጠርሙስ ፈሳሽ ልካልኝ ነበር። «እንደወጣ በዚህ ንከረው፤ ሌላ ምንም አታስነካው» ብላኛለች።

ልጅ ናት። ከዚህ አዲስ አበባ ቀኑን ሙሉ መንገድ ነው፤ በረዶው ወልድያን ሳያልፍ ይቀልጣል። ጨው ያልነካው ደግሞ ደሴ ላይ ይሸታል። ይህን ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። ከአፋር የመጣውን ጨው አድቅቄ ፊትና ጀርባውን አሸሁት፤ አሳድሬ በደንብ አጥቤ ፈሳሿ ውስጥ ከተትሁት። ለሾፌሩ በእጁ ሰጠሁት።

ጨው ማስነካቴን አልነገርኋትም። ሳይበላሽ ሲደርሳት ይበቃታል።

ጥቅምት 22

ሁለት ትራስ። ኢቅራ ከትምህርት ቤት በባጃጅ ተመለሰች። በእግር መምጣት ደከመኝ አላለችም፤ ፀሐዩ ነው አለች።

ሀናን ደወለች። «አጎቴ፣ አንዱም አልሸተተም! ከቅርብ ቄራ ያስመጣሁት እንኳ እንዲህ አልደረሰልኝም።» ደስ አለኝ።

ጥያቄ ነበራት። ከአንድ ሽፋን ከቆረጠቻቸው ሦስት ቅጠሎች አንዱ ይለጠጣል፣ ሌላው እምቢ ይላል፤ በሩም አጣሞ ይዘጋል። ቆዳም እንዲሁ ነው አልኋት። በአንድ ወገን ይሳባል፣ በሌላው ይጸናል። መጀመሪያ ጎትተሽ ወገኑን ለዪ፤ ሦስቱንም በአንድ ወገን ቁረጪ።

«እኛ በመሣሪያ ብርሃን አሳልፈን ነው የምናየው።»

«እኔ በአውራ ጣት ነው።»

ከእንግዲህ እያንዳንዱን ሽፋን ስልክ በጽኑው ወገን ቀይ ክር አስርበታለሁ።

ኢቅራ ከውስጥ ሆና ትሰማ ኖሯል። «አባዬ፣ የበሬውን ሁሉ ልብ እየገፈፍህ ለሀናን ላክ። አንድ ቀን ተሰብስበው ይከሱሃል።»

ኅዳር 2

ሁለት ትራስ። ከሰዓት በኋላ ግን ተኝታ ዋለች።

ሁለተኛውን ሣጥን ላክሁ፤ እንደ መጀመሪያው አድርጌ።

ሀናን ሌላ ችግር ገጥሟታል። በሩ ሲጨመቅ ቅጠሎቹ ከሽቦው ጋር የተሰፉበት ቀዳዳ ይቀደዳል። ወደ ቆዳ ሰፊዋ እማ ሲቲ ሄድሁ። የውሃ መያዣውን እርኮት መስፋት የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል፤ የእሳቸው እርኮት ውሃ ተሞልቶ በግመል ጎን አፋር ደርሶ ሲመለስ ጠብታ አያፈስም። ስልኩን ድምፁን ከፍቼ መሃላችን አስቀመጥሁት።

«ይህች ልጅ ምንድን ነው የምትሰፋው?» አሉኝ።

«የልብ በር ነው እማማ» አለች ሀናን ከስልኩ ውስጥ።

«በምን ትበሽዋለሽ?»

«መርፌ አለኝ፤ ጫፉ እንደ ቢላ የተሳለ።»

«ይኸዋ! ቢላ ይቆርጣል እንጂ መንገድ አይለቅም። ጫፉ ባልተሳለ ወስፌ ውጊው። ያን ጊዜ ቆዳው ገለል ብሎ ያሳልፍሽና መልሶ ክሩን ያንቀዋል። ደግሞ ክሩን ቆዳው ላይ ብቻውን አትጣይው። ከሥሩ ስስ ጠፍር አንጥፊ፤ ክሩ የሚጎትተው እሱን ይሁን።»

ሀናን ስትጽፍ ይሰማኝ ነበር። «እማማ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?»

«ጥማት» አሉ እማ ሲቲ።

ኅዳር 9

ሁለት ትራስ። የወስፌው ነገር ሠራ። መቀደዱ ቀርቷል። ከጠፍሩ ፋንታ ስስ ጨርቅ አስገብታበታለች።

በዚህ አካሄድ ሚያዝያ ሩቅ አይደለም።

ኅዳር 14

ሁለት ትራስ።

ከአዲስ አበባ ተደወለ። የልብ ሕክምናው ተራ ያዥ ናት። «የኢቅራ አባት ነዎት? ተራዋ ደርሷል። የውጭ ሐኪሞች ይመጣሉ። ታኅሣሥ 17 ትተኛለች፤ በ19 ይሠራላታል።»

ደረቷ ይከፈታል ወይ አልሁ። አዎ አለች። ምንድን ነው የሚገባው አልሁ። ሐኪሙ ይወስናል፤ የብረት ከሆነ ዕድሜ ልኳን የደም ማቅጠኛ ትውጣለች፣ ደሟም በየጊዜው ይመረመራል። ያ ምርመራ እዚህ የለም።

«ለሚቀጥለው ስጡት» አልሁ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሳል ይዟታል። መንገዱም አይመችም።»

ሳል አልያዛትም።

ኅዳር 15

ረጋ ብዬ አሰብሁበት። ሰው የሚቸኩለው ሲፈራ ነው፤ እኔ አልፈራሁም። ሁለት ነገር ቀርቦልኛል። አንዱ ዛሬ አለ፤ ደረት ይከፍታል፣ ከዚያም በየወሩ ደሴ ያመላልሳል። ሌላው መንገድ ላይ ነው፤ ደረት አይነካም፣ ማቅጠኛ አይፈልግም፣ የምትሠራውም የገዛ እህቴ ልጅ ናት። የሚሻለው እየመጣ እያለ ያለውን የሚያነሳ ነጋዴ አላየሁም። ኢቅራም ደህና ናት። ከጥቅምት ጀምሮ ሁለት ትራስ ናት።

ለኢቅራ አልነገርኋትም። ልቧን ማወክ ነው። ለሀናንም አልነገርኋትም። ሥራ ላይ ያለን ሰው ማጣደፍ አይገባም።

ሚስቴ ወለላ ደሴ ሆስፒታል የገባችው በእግሯ ነው። ሆዷን ነበር ያመማት። ሐኪሙ የቀዶ ሕክምና ፈቃድ ወረቀት ሰጠኝ፤ አንብቤ ፈረምሁ። ኢቅራ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ የእናቷን ነጠላ ይዛ በረንዳው ላይ ጠበቀች። ነጠላውን ብቻ ይዘን ተመለስን።

ይህ ከዛሬው ነገር ጋር አይገናኝም። ለምን እንደጻፍሁት አላውቅም።

ለሸዋዬ የማሳያት የትራሱን ብቻ ነው።

ኅዳር 23

ሁለት ትራስ።

ፍየል ለማየት ዋጃ ወርጄ ዓሊማ ቤት ምሳ በላሁ። «የኢቅራ ነገር እንዴት ሆነ?» አለችኝ።

«እየጠበቅን ነው።»

«ብትጠብቅ ነው የሚሻለው። ሴት ልጅ ደረቷን ከቀደዷት በኋላ ማን ይጠይቃታል?»

የራሷ ልጅ የልብ በር ትሠራለች፣ እሷ ስለ ጠያቂ ታወራለች። ልቆጣት ነበር። አልተቆጣኋትም፤ ሌላ ምክንያት ስላገኘሁ ደስ ያለኝ መሰለኝ።

ታኅሣሥ 1

ሦስት ትራስ። ብርዱ ነው።

ታኅሣሥ 3

ሦስት። ሦስተኛውን ሣጥን ልኬያለሁ። ሀናን አልደወለችም። ስደውል «ቆይ አጎቴ፣ በሩን በፓምፕ እየሞከርኩ ነው» ብላ ዘጋችው።

ታኅሣሥ 8፣ አዲስ አበባ

ለቆዳ ጉዳይ ነው ብዬ ወጣሁ። ኢቅራ ዓሊማ ጋ ናት።

ሀናን የምትሠራበት ክፍል ጋራዥ ይመስላል። ጥግ ላይ ልብ እንደሚመታ የሚመታ የውሃ ፓምፕ ተተክሏል፤ ቀንና ሌሊት ይመታል አለች። በሩን በመዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ስፋቱ ሁለት ጣት ነው። ሦስቱ ቅጠሎች መሃል ላይ ይገጥማሉ። የእማ ሲቲን ስፌት አየሁት፤ ያምራል። ከዚያ በረዶ ውሃ ውስጥ ነክራ በጠባብ ቱቦ አሳለፈችው፤ እርሳስ አከለ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ስትለቀው እንደ ጃንጥላ ተዘረጋ። እኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም።

«አሁን ችግሩን እይ» አለችኝ።

ፓምፑ ላይ የነበረውን አወጣች። ቅጠሎቹ ደርቀዋል፤ አይገጥሙም፤ ውሃው ወደ ኋላ ይፈስሳል። «ተጨምቀው ሲዘረጉ ይሰነጠቃሉ። ሽቦው ማዕዘኑ ላይ እየቆነጠጣቸው ነው። ሦስት ጊዜ ቀየርኩት። አራተኛውን ጀምሬያለሁ።»

ቅጠሉን በአምፖሉ ትይዩ አነሳሁት። የታጠፈበት ላይ ነጭ መስመር አለ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ።

ያንን መስመር አውቀዋለሁ። ጨው የበዛበት ቆዳ መጋዘን ውስጥ ተጣጥፎ ሲከርም እዚያው ላይ ነው የሚወጣው። ጨው ውስጡን ያደርቀዋል፤ ከደረቀ በኋላ በምን ብታለፋው አይመለስም።

«ምን ታያለህ?» አለችኝ።

«ምንም» አልሁ። «ሽቦው ይሆናል።»

ወጥተን ሻይ ጋበዝኋት። ዓይኗ ቀልቷል፤ እዚያው ክፍል እንደምታድር ያስታውቃል። ሚያዝያ አይደርስም አለች፤ ምናልባት የሚመጣው መስከረም።

ታኅሣሥ 10

ሦስት ትራስ። ከዋጃ መጥታ እንደገባች ተኛች።

እነግራታለሁ። መጀመሪያ ግን ጨው ያልነካው ልላክላት። ያኛው ሲሠራ ልዩነቱን ራሷ ታየዋለች፤ ያን ጊዜ መናገሩም ይቀላል። ነገር በዕቃው ሲታይ ነው የሚሻለው።

ታኅሣሥ 14

ሦስት ትራስ።

አራት ሽፋን እንደ ትእዛዟ አድርጌ ልኬ ነበር። ሾፌሩ ኮምቦልቻ ላይ ጎማ ፈነዳበት። በማግስቱ ሲደርስ ሸቶ ነበር። ሀናን «ምነው እንደ ሌላ ጊዜው አላደረግህም?» አለችኝ።

ስለ ጎማው አወራሁላት።

ታኅሣሥ 19

ሦስት ትራስ።

ቀኑ ዛሬ ነበር። አንድ ሰው እዚያ አልጋ ላይ ተኝቷል። የማን ልጅ እንደሆነ እንጃ። አላህ ያውጣው።

ገበያ አልወጣሁም።

ታኅሣሥ 28

ሦስት ትራስ። ትምህርት ቤት ከቀረች ሳምንቷ ነው። ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል፤ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል። ሸዋዬ የሚያሸና መድኃኒት ጨመረችላትና «ከአዲስ አበባ እስካሁን ምንም የለም?» አለችኝ። መድኃኒቱን ተቀብዬ ተነሳሁ። ኢቅራ አጠገቤ ነበረች።

ቄራ ስገባ በድረዲን ጀርባውን ሰጥቶኝ ለጓደኛው ሲያወራ ሰማሁ። «ሰውዬው የከብት ልብ ይሰበስባል፤ የልጁ ልብ ቤት ውስጥ እየቆመ ነው።» ሲያየኝ ደነገጠ። «አያ ሙንተሲር፣ ወላሂ እንዲያው ለጨዋታ...»

«ዛሬ ስንት አለህ?» አልሁት። ሦስት ሰጠኝ፤ ዓይኔን ሳያየኝ።

ጥር 3

ሦስት ትራስ።

*አራት ነው። አንዱን የእግርህን ኮቴ ስሰማ ከአልጋው ሥር እከተዋለሁ። ያየህ ቀን ፊትህ የእማዬ ጊዜ እንደሆነው እንዳይሆን ብዬ ነው። ትራስ የሚጻፍበት ደብተር ስለ እኔ መስሎኝ ከፈትሁት። ስለ ተራዬ አነበብሁ። አባዬ፣ ተራው የእኔ ነበር። ስለ ጨውም አነበብሁ። ለሀናን ዛሬ ደውል። ለአዲስ አበባም ደውል። አንተ ካልደወልህ እኔ እደውላለሁ፤ ድምፄ ሲቆራረጥ ይስሙት። ኢቅራ*

ጥር 4

ከላይ ያለው የእኔ ጽሕፈት አይደለም። ሱብሂ ሰግጄ ስመለስ ነው ያገኘሁት። አልቀደድሁትም።

ክፍሏ ገብቼ ጎንበስ ብዬ ከአልጋው ሥር አየሁ። አራተኛው ትራስ እዚያ ነው። አነሳሁና አቧራውን አራግፌ ከጀርባዋ አደረግሁት። ነቅታ ነበር። ደገፍ ብላ «አሁን ይሻላል» አለች።

መጀመሪያ አዲስ አበባ ደወልሁ። ያቺው ሴት ናት። ውሸት አልጨመርሁም፤ ፈርቼ ነው አልኋት። «ብዙ አባት ይፈራል፤ ለእኛ ግን ሳል ነው የሚለን» አለች። ተራው ለሌላ ተሰጥቷል። ሐኪሞቹ የካቲት ላይ ይመለሳሉ። የአሁን ሁኔታዋን ሸዋዬ በጽሑፍ ከላከች ስሟን ከፍ ታደርገዋለች፤ ቃል ግን አትገባም።

ከዚያ ሀናን። ሁሉንም ነገርኋት። ጨውን፣ ማደሩን፣ ማጠቤን።

«ሦስቱንም ሣጥን?»

«ሦስቱንም።»

«ሁለት ወር ሽቦ ስቀይር ከረምኩ አጎቴ።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅህ?»

«የመጣሁ ዕለት። ነጩን መስመር ሳይ።»

«አውቀህ ነው ሻይ የጋበዝከኝ?»

አዎ አልሁ። የኢቅራንም ተራ ለምን እንደለቀቅሁ ስነግራት ድምፅዋ ተለወጠ። «የእኔን በር ለኢቅራ ልትጠብቅ? እኔ ለኢቅራ ነው ብዬህ አላውቅም! በበግ እንሞክራለን ነው ያልኩህ።»

«ከበግ በኋላስ?»

«ከበግ በኋላ ሌላ በግ! ከዚያ ዓመታት። ዓመታት፣ አጎቴ። ብትጠይቀኝ በአንድ ቃል እነግርህ ነበር።»

ለዚህ ነበር ያልጠየቅኋት።

ጥር 12

አራት ትራስ። ሸዋዬ ደብዳቤውን ላከች። ደብተሩን ሰጠኋት፤ የትራሱን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም። አንብባ መለሰችልኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ከአልጋው ሥርም ይዩ» አለች።

ጥር 21

ተቀምጣ ነው የምትተኛው። ትራስ መቁጠሩ ቀረ። ግድግዳው ላይ ፍራሽ አቁሜላታለሁ። እማ ሲቲ መጥተው አጠገቧ ይውላሉ፤ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ዝም ሲሉ ኢቅራ «እማማ፣ ስለ ግመሎቹ ንገሩኝ» ትላለች። ስትስቅ ያስላታል።

አሁን እውነትም ሳል ይዟታል።

ጥር 29

ተደወለ። የካቲት 10 ትተኛለች፤ በ12።

የካቲት 8፣ መንገድ ላይ

መኪና ተከራየሁ። ሸዋዬ ኦክስጅን ይዛ አብራን መጥታለች፤ ፈቃድ ወስዳ። ጎብዬን እንዳለፍን ኢቅራ አንቀላፋች። በየኮረብታው ትንፋሽዋን አዳምጣለሁ። ደሴ ስንደርስ ሾፌሩ ሻይ ልጠጣ አለ። አትቁም አልሁት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀም።

የካቲት 12

ዕድሜዋ ስላልሞላ ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። አነበብሁት። ፊደሉ ጠፋብኝ፤ እንደገና አነበብሁት። ኢቅራ ከተሽከርካሪው አልጋ ላይ ሆና ታየኛለች።

«አባዬ፣ እሱን አትምረጥ፤ ሳብ ሳብም አታድርገው። ቆዳ አይደለም። ፈርም።»

ፈረምሁ።

የካቲት 13

ስድስት ሰዓት ፈጀ። ሀናን በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ዋለች። ከጥር ጀምሮ ከእኔ ጋር ብዙ አታወራም፤ ግን መጣች። የኢቅራን ነጠላ እኔ ይዤ ነበር። እንደ ጨመደድሁት አይታ ከእጄ ወሰደችና አጣጥፋ በጉልበቷ ላይ አኖረችው።

ሐኪሙ ወጣ። ሀናን ተረጎመችልኝ። ተሳክቷል። ልጅ የመውለድ ዕድሜዋንና ቆቦ ላይ የደም ምርመራ አለመኖሩን አይተው የብረቱን ትተዋል፤ ያስገቡላት ከከብት የልብ ሽፋን የተሠራ ነው።

«ጨው ነክቶታል?» አልሁ።

ሀናን መጀመሪያ ልትተረጉመው አልፈለገችም። ኋላ ተረጎመችው። ሐኪሙ ግራ ገብቶት አየኝ፤ ከታረደበት ሰዓት ጀምሮ ከፈሳሽ ወጥቶ አያውቅም አለ።

«ስንት ዓመት ይቆያል?»

አሥር ሊሆን ይችላል፤ ልጅ ስለሆነች ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ሲደክም መቀየር አለበት። እንደገና ደረት መክፈት ነው ወይ አልሁ። ያን ጊዜ ምናልባት በብሽሽት በኩል አዲሱን በአሮጌው ውስጥ መዘርጋት ይቻል ይሆናል፤ የሚሠራው ከተገኘ፣ አቅሙም ከተገኘ፣ አለ።

ሀናን ይህን ስትተረጉም ጫማዋን ታይ ነበር።

የካቲት 29

ኢቅራ ኮሪደሩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች። የተሰፋው ከአንገቷ ሥር እስከ ሆዷ አፋፍ ይደርሳል። አይታ «የእማ ሲቲ ይሻላል» አለች።

ዓሊማ ከዋጃ መጥታለች። ቁስሉን አይታ ወጥታ አለቀሰች። ያኔ ያለችውን እኔም አላነሳሁባት፤ የምወቅሰው ሌላ ሰው አለኝ።

መጋቢት 20፣ ቆቦ

ከተመለስን ሳምንታችን ነው። ትናንት ጥቂት ዘነበ፤ መሬቱን እንኳ አላረሰረሰም።

ዛሬ ለበድረዲን ነገርሁት፦ የወጣው ሽፋን ውጭ እንዳይቆይ፣ እዚያው በሰዓቱ ፈሳሽ ውስጥ እንዲገባ፣ ጨው ከነካም እጁን ቀድሞ እንዲታጠብ። «እስከ መቼ ነው አያ ሙንተሲር?» አለኝ። «አሥር ዓመት» አልሁት። ሊስቅ ብሎ ተወና ቢላውን አጠበ። ጎማው ቢፈነዳ እንኳ የሚቆይ ሁለተኛ የበረዶ ሣጥን ከወልድያ አስመጥቻለሁ፤ ደሴ ላይም በረዶውን የሚቀይር ሰው ይዣለሁ። ይህን ጥቅምት ላይ ማሰብ እችል ነበር። ጨው ስለቀለለኝ ነው።

አራት ላክሁ። ቀዩን ክር ያሰረችው ኢቅራ ናት፤ ወገኑን በአውራ ጣቷ እየሳበች ለየች፤ አንዱን ተሳስታ እኔ አረምሁላት። ከመግሪብ በኋላ ሀናን ደወለች። ሣጥኑ ነገ ይደርሳታል። «የነካው ነገር አለ?» አለችኝ። የለም አልሁ። «ኢቅራን ስጠኝ» አለች። ኢቅራን ጠየቀቻት። ይገባኛል። ለጥቂት ጊዜ እንዲህ ይሆናል።

ኢቅራ ስልኩን ዘግታ ደብተሩን ከእጄ ወሰደችና ራሷ ጻፈች፦

*አንድ ትራስ።*

ልትተኛ ስትገባ ተከትያት ገባሁ። ጎንበስ ብዬ ከአልጋው ሥር አየሁ። ጫማዋ ብቻ ነው ያለው።